ወሰድን እንጂ ምን መለስን?

«የተማረ ሰው ለአገሩ ምን ይጠቅማል?» ተብሎ በየስብሰባው ሲጠየቅ መልሱ ሁል ጊዜ አንድ ነው፤ «ተምሮ ያስተምራል፤ ሕዝቡንም ያገለግላል» ይባላል። ንግግሩ ያምራል፤ ጭብጨባውም ይሞቃል። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከጣና ዳር፣ ከአጎቴ አፍ ከሰማሁ ወዲህ ለማጨብጨብ እጄ አይነሣልኝም።

እኔ የፎገራ ልጅ ነኝ። እምቦጭ የሚባለው አረም በጣና ላይ መታየቱ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ እኔ ነፍስ ባወቅሁበት ጊዜ የሐይቁን ዳር ይዞት ነበር። ታንኳ መውጫ አጣ፤ ከብቱም ውኃ ለመጠጣት በአረሙ መካከል ይዳክር ጀመር። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የነቀላ ዘመቻ በተደረገ ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርሁና፣ እኔም ከአጎቴ ጋር እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ገብቼ ነቅያለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ወረቀት የያዙ ተማሪዎች ወደ መንደራችን ይመጡ ነበር። ከየት እንደ መጡ አልጠየቅሁም። «ስንት ጥማድ መሬት አለዎት? ስንት ከብት? አረሙ ከመጣ ወዲህ ዓሣው ቀንሷል?» ይላሉ። አጎቴም በሬዎቹን አቁሞ፣ ጠላ አስቀድቶ፣ አንድም ሳይደብቅ ይነግራቸዋል። ሦስት ጊዜ መጡ፤ ሦስት ጊዜ መለሰላቸው። እኔ ዩኒቨርሲቲ መግባቴን ላበሥረው በሄድሁ ጊዜ ግንባሬን ስሞ ሲያበቃ፣ «እሰይ ልጄ! እንግዲህ አንተም ከእነሱ ገባህ። እስቲ ያ የጠየቁን ነገር ምን ሆነ?» አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ እስቲ ራሳችንን እንጠይቅ። ለመመረቂያ ጽሑፋችን የስንቱን ገበሬ የሥራ ቀን ወስደናል? እኛ ከዚያ ማዕርግ አገኘን። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ተጽፎ፣ ተጠርዞ፣ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። የእውቀቱ ባለቤት ግን የተናገረውን እንኳ መልሶ አልሰማውም። ይህ አገልግሎት ነውን? በእኔ አስተያየት ብድር ነው፤ ያውም ያልተከፈለ ብድር።

የሚነገረው ነገር ጠፍቶ አይደለም። የእምቦጭ ዘር በጭቃ ውስጥ ብዙ ዓመት ሳይሞት እንደሚቈይ፣ ስለዚህም አንድ ጊዜ ነቅሎ መሄድ እንደማይበቃ ጥናቶች ያስረዳሉ። ተነቅሎ ዳር ላይ የተጣለው አረም ውኃው ሲመለስበት እንደገና ሊያቈጠቍጥ ይችላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ላይ ደግሞ ቅጠሉንና ግንዱን የሚበሉ ጥቃቅን ነቀዞች ተለቀው፣ አረሙን በማዳከም በኩል ትልቅ እርዳታ ሰጥተዋል። ይህን ሁሉ አጎቴ ቢሰማ ኖሮ የሚጨምረው ነበረው፤ በየትኛው ወር ነፋሱ ከየት ተነሥቶ አረሙን ወደ ማን ማሳ እንደሚገፋ እሱ ያውቃልና። «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ስለ አገልግሎት ስንነጋገር የቀደሙንን ማስታወስ ይገባል። በ1957 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲሠራ የሚያስገድድ ነበር፤ አብዛኞቹም በየትምህርት ቤቱ አስተማሩ። ያ ሥርዓት ዛሬ የለም። ጕድለቱን የሚዘረዝር ሰው አይጠፋም፤ ነገር ግን አንድ ትልቅ ነገር ነበረው። አንድ ቀን ውሎ የሚመለስ ሰው ይጠይቃል እንጂ አይጠየቅም። አንድ ዓመት የከረመ ግን የጎረቤቱን ልቅሶ ይደርሳል፤ ገበያ ላይ ይገናኛል፤ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» ሲባልም የሚሸሽበት የለውም።

በባሕር ዳርም ቢሆን አሳቡ አዲስ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. የተመሠረተው የመምህራን አካዳሚ ከዓላማዎቹ አንዱ የአንደኛ ደረጃን ትምህርት ከገጠር ኑሮ ጋር የሚያስማሙ ሰዎችን ማሠልጠን ነበር። ይህ ተቋም በ1955 ዓ.ም. ከተከፈተው ፖሊቴክኒክ ጋር በ1992 ዓ.ም. ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ያ አደራም አብሮ ወደ እኛ ተላልፏል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የእኔ አሳብ ትንሽ ነው። በሐይቁ ዳር ጠይቆ መመረቂያ ጽሑፍ የጻፈ ሁሉ፣ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለጠየቃቸው ሰዎች ይመልስ። ለሳይንስ ተማሪዎች ይህ ቢከብዳቸው እኛ የቋንቋ ተማሪዎች ምን ሥራ አለን? «ስለ አረምና ስለ ዓሣ ምን አገባን?» የምንል ቋንቋ ተማርን ብለን የምንኰራው ለምን ይሆን? ማኅበራችን ይህን መጽሔት በሚያባዛበት መሣሪያ ያንንም ያባዛ። ማንበብ የማይችል ቢኖር በዕድር ወይም በሰንበቴ ቀን የሚያነብለት ልጅ አይጠፋም።

«ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልላችን በተነሣው ጦርነት መንገዱ እንደ ልብ አይሆንም፤ ማን ወደ ገጠር ይወጣል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው። ለነቀላ በአውቶቡስ ተጭኖ መሄድ ሊከብድ ይችላል። ሁለት ገጽ ወረቀት ግን ከገበያተኛ ጋር ይሄዳል፤ በራዲዮም ይነበባል። ይልቁንም ሰው ለሰው መድረስ በቸገረበት ጊዜ፣ «አልረሳናችሁም» የምትል ወረቀት ከሌላው ጊዜ ይልቅ ዋጋ አላት።

የነቀላው ዘመቻ ከንቱ ነበር ማለቴ አይደለም፤ እጄ ያለበት ነውና። ነገር ግን ለአንድ ቀን ከገበሬው ጋር ጭቃ መንካት፣ ከዚያም ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ የዩኒቨርሲቲ ሰው ድርሻ ሁሉ አይደለም። ክንድ ከእኛ ይልቅ እነሱ ጋ አለ። ከእኛ የሚፈለገው የወሰድነውን እውቀት አበጥረን መመለስ ነው።

እኔ ለአጎቴ ያለብኝን መልስ መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ አንዱ ገጽ አልቋል። ሁለተኛውን የሚያግዘኝ የባዮሎጂ ተማሪ ካለ በማኅበሩ ቢሮ ይፈልገኝ።