የሾመ ምክር ቤት ዳኛውን ይጠብቅ

በአማራ ክልል ከመስከረም 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ወዲህ በተካሄደው የጅምላ እስር ዳኞችና ዐቃብያነ ሕግ ጭምር መያዛቸው እጅግ ያሳስበናል። ጉዳዩ የታሳሪዎቹና የቤተሰባቸው ብቻ አይደለም። የማሽላ ማሳዬ ድንበር ተገፋ ብሎ ከሮቢት ወይም ከጎብዬ ቆቦ ችሎት የሚመጣ ገበሬ፣ ለልጇ ቀለብ እንዲቆረጥላት የምትጠይቅ እናት፣ ፖሊስ በ48 ሰዓት ውስጥ የሚያቀርበው ተጠርጣሪ፣ ሁሉም ዓይናቸውን የሚጥሉት በወረዳው ዳኛ ላይ ነው። ያ ዳኛ «ዋስትና ብፈቅድ ነገ በእኔ ይመጣ ይሆን?» ብሎ መሥጋት ከጀመረ፣ ብይኑ ገና ሳይጻፍ ፍትሕ ተጓድሏል።

የወረዳ ዳኛ በአንድ ባለሥልጣን ቃል ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው አይደለም። ሕግ ተምሮ፣ በዳኞች አስተዳደር ጉባኤ ታጭቶ፣ በክልሉ ምክር ቤት ይሾማል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 79 ዳኛ ከሕግ በቀር በሌላ እንዳይመራ፣ የጡረታ ዕድሜው ሳይደርስም ያለ ጉባኤው ውሳኔና ያለ ምክር ቤት ማጽደቅ ከሥራው እንዳይነሣ የደነገገው ለዳኛው ምቾት ሳይሆን ለባለጉዳዩ መተማመኛ ብሎ ነው። በዚህ ሁሉ ወንፊት አልፎ የተሾመ ሰው በአንድ ሌሊት ከችሎቱ ከታጣ፣ የተደፈረው ሹመቱን ያጸደቀው ምክር ቤት ጭምር ነው።

«ዳኛ ከሕግ በላይ ነው ወይ?» የሚሉ አሉ። አይደለም። ጉቦ የበላም ወንጀል የሠራም ይጠየቅ፤ ነገር ግን ማስረጃው ለጉባኤው ይቅረብ፣ ክሱም በችሎት ይሰማ። የጸጥታ አካላት የተሸከሙት ኃላፊነት ከባድ መሆኑን አንዘነጋም። ሆኖም በክልሉ ታውጆ የነበረው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስሩ ከመጀመሩ ከወራት በፊት አብቅቶ ነበርና ከመደበኛው ሕግ ውጭ መሄጃ መንገድ የለም። እንደ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ዳኛን ሕዝብ ይምረጠው የሚለውም መፍትሔ አይሆንም፤ በድምፅ የመጣ ዳኛም ያለ ሕግ ከተያዘ ያው ነው፣ በዚያ ላይ የመራጩን ዘመድ ፊት ያያል። ባህላዊ ሽምግልናም የፍርድ ቤትን ቦታ አይተካም፤ ዘወልድ የሚባሉት የራያ አስታራቂ ሽማግሌዎች ደም ያደርቃሉ፤ ፖሊስን ግን «ይህን ሰው ልቀቅ» ብለው ማዘዝ አይችሉም።

ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት የሾማቸው ዳኞች ለምንና በማን ትእዛዝ እንደተያዙ አስፈጻሚውን ጠይቆ መልሱን ለሕዝብ ያሳውቅ። ክስ ያለበት ፍርድ ቤት ይቅረብ፤ ክስ የሌለበት ወደ ችሎቱ ይመለስ።