ሳይኮሎጂስቱም እንደ ሐኪሙ እያገለገለ ይማር



ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎቹ «ጋይዳንሷ» የሚሏት የምክር አገልግሎት ባለሙያ አለች። ቢሮዋ ጠባብ ናት። በሩ ሲዘጋ ሙቀቱ አያስቀምጥም፤ ሲከፈት ደግሞ ልጆቹ የሆዳቸውን አያወጡም። መላ ስታጣ በሩን ከፍታ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለችበት። እናቷ ዐረብ አገር የሄደችባት፣ አባቷ የሚመታት፣ ከጓደኞቹ ጋር ጫት ጀምሮ ከክፍል መቅረት ያበዛው፣ ሁሉም ያንን መጋረጃ ገልጠው ይገባሉ።

የጋይዳንሷ መሳቢያ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ፋይል አለ። የመጀመሪያ ዲግሪዋ ኮፒ፣ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ውጤቷና ሁለት የድጋፍ ደብዳቤዎች ተሰድረውበታል። የጎደለው የስፖንሰር ደብዳቤ ብቻ ነው። የጠየቀችው መሥሪያ ቤት «ተማሪ፤ በጀት ግን የለም» ብሏታል። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ፋይሉን በዓይኑ አይቶታል፤ ጠርዙ ከመመላለስ ብዛት ተልጧል።

የአመልካቹ ችግር ፈተናው አይደለም። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ሁለተኛ ዲግሪ የሚማር ሁሉ አገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ይህም የሚገባ ነው። የሰው ልብ የሚነካ ባለሙያ ተመዝኖ ቢገባ ማንም አይጎዳም። ፈተናው ግን የሚመዝነው ዕውቀትን ነው፤ ኪስን የሚመዝነው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። ስፖንሰር ያለው መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል፣ የሌለው «በግል» ተብሎ ከደመወዙ ይከፍላል። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ በወጪ መጋራት ደንቡ መሠረት የትምህርቱን ወጪ ተጋርቶ፣ ሥራ ሲይዝ ቀስ በቀስ ይመልሳል። ለማስተርስ ተማሪው ግን ይህን የመሰለ የ«ተማርና ኋላ ክፈል» በር አልተከፈተለትም።

የድሬዳዋ ሰው ላይ ደግሞ ርቀቱ ይጨመራል። አዲስ አበባ በመኪና 515 ኪሎ ሜትር ነው። ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ጎንደር ልማር የሚል ከአዲስ አበባ ወዲያ ሌላ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጠብቀዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት መከራየት፣ እዚህ ደግሞ ቤተሰብ ማስተዳደር፣ በላዩ ላይ ለመመረቂያ ጽሑፉ መረጃ ለመሰብሰብ መመላለስ አለ። አንድ የመንግሥት ሠራተኛ በአንድ ደመወዝ ይህን ሁሉ አይችለውም።

መፍትሔው ከሌላ አገር የሚመጣ አይደለም፤ እዚሁ ተሞክሮ ሠርቷል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻላይዜሽን በ1995 ዓ.ም. ሲጀምር በመላው ኢትዮጵያ የነበሩት ሳይካትሪስቶች ወደ 11 ብቻ ነበሩ። መምህራን ከካናዳ እየመጡ ሐኪሞቹን እዚሁ አስተማሩ። በአገራችን አሠራር በመንግሥት ስፖንሰርነት ስፔሻላይዝ የሚያደርግ ሐኪም ደመወዙ አይቋረጥም፤ ሲጨርስም በውሉ መሠረት ያገለግላል። ከዚያ ሐኪም ጎን ቆሞ ታካሚውን በንግግር የሚረዳው ሳይኮሎጂስት ግን ከጉሮሮው ነጥቆ እንዲማር ይጠበቃል። ሁለቱ የሚያክሙት ያንኑ ሰው ሆኖ ሳለ የአንዱ ትምህርት የአገር ጉዳይ፣ የሌላው የግል ጉዳይ የሚሆንበት ምክንያት የለም።

ድሬዳዋ ለዚህ ከማንም በላይ ምክንያት አላት። ሐምሌ 1998 ማብቂያ ላይ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የተረፉት ድንኳንና እህል አግኝተዋል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር እንቅልፍ የሚያጣውን ሰው ለዓመታት የሚያነጋግር ባለሙያ ግን በከተማው እንደ ልብ አልነበረም። ዛሬም በጅቡቲ በኩል ባሕር ሊሻገሩ ወጥተው የተመለሱ ወጣቶች ያዩትን ይዘው በዚህች ከተማ ያልፋሉ። ቋንቋውም አለ። አንዲት እናት ሐዘኗን በኦሮምኛ ጀምራ በሶማልኛ ስትጨርሰው ከጎኗ ተቀምጦ የሚከተላት የመጋላ ወይም የገንደ ቆሬ ሰፈር ልጅ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመደብ ባለሙያ፣ ምንም ያህል ቢማር፣ በአስተርጓሚ ይሠራል፤ ሰው ደግሞ ምስጢሩን በአስተርጓሚ አይናገርም።

ሁለት ተቃውሞዎች ይሰማሉ። አንደኛው «ከተማሩ በኋላ ጥለው ይሄዳሉ» የሚለው ነው። ሊሆን ይችላል። የውል ግዴታ የሚገባውም ለዚሁ ነው። በራሱ ገንዘብ የተማረውን ግን ማንም ቆይ ሊለው አይችልም፤ ቶሎ የሚሄደውም እሱ ነው። ሁለተኛው «በአጭር ሥልጠና ሰው ማብቃት ይበቃል፤ ማስተርስ ቅንጦት ነው» ይላል። ዚምባብዌ ውስጥ ሳይካትሪስቱ ዲክሰን ቺባንዳ አያቶችን አሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ደጅ አግዳሚ ወንበር ላይ ጭንቀት ያለበትን ሰው እንዲያማክሩ አድርገዋል፤ ውጤቱም በጥናት ተረጋግጧል። አያቶቹን ያሠለጠነና ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ሰው የሚቀበል ባለሙያ ግን ከጀርባቸው ነበር። ድሬዳዋም አያቶቿን ልታሰማራ ትችላለች፤ መጀመሪያ ግን የሚያሠለጥኗቸው ሰዎች ይኑሯት።

ስለዚህ ጥያቄው ግልጽ ነው። የከተማው አስተዳደር በየዓመቱ ለአምስት ሰዎች ብቻ የምክርና የክሊኒካል ሳይኮሎጂ ማስተርስ ወጪ በበጀት ይያዝ። መሥፈርቱ ሦስት ይሁን፤ የመግቢያ ፈተናውን ያለፈ፣ ከአማርኛ ሌላ ቢያንስ አንድ የከተማዋን ቋንቋ የሚናገር፣ ሁለት ዓመት በትምህርት ቤት ወይም በጤና ተቋም የሠራ። ደመወዛቸው ሳይቋረጥ ይማሩ፤ ሲመለሱም በድል ጮራና በሳቢያን ሆስፒታሎች፣ በትምህርት ቤቶችም፣ የተማሩበትን እጥፍ ዘመን ያገልግሉ። የተመራጮቹ ዝርዝርም ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ማን እንደተመረጠና ለምን እንደተመረጠ አመልካቹ ሁሉ ቆሞ እንዲያነበው።

ጋይዳንሷ ዘንድሮም ትመዘገባለች። የፈተና ውጤቷን አዲስ ፕላስቲክ ውስጥ አስገብታዋለች፤ ለስፖንሰሩ ደብዳቤ የሚሆነውን ቦታ ባዶ ትታለታለች።


አንድ አንባቢ
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ