ላት የሌለው በግ፦ የባህል ብልህነት ከመንዝ ሲታይ

የባህል ብልህነት፣ በሌላ ወግ ካደገ ሰው ጋር ሲሠሩ ነገሩን በትክክል ተረድቶ ሥራን የማሳካት ችሎታ ነው። ስያሜውን ክሪስቶፈር ኧርሊና ሱን አንግ እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት መጽሐፍ አስተዋወቁት። በዘርፉ የተለመደው አከፋፈል ችሎታውን በአራት ይመድበዋል፦ የራስን ግምት መመርመር፣ የሌላውን ወግ ማወቅ፣ ለመማር መፈለግ፣ አነጋገርንና አድራጎትን እንደ ሁኔታው ማስተካከል። ለነጋዴ በሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚወጣው የመጨረሻው ነው፤ ሰላምታው እንዴት እንደሚቀርብ፣ ለሽማግሌ አንቱ እንደሚባል፣ ቡና ሳይጠጡ እንደማይነሡ ይነገራል። ይህ ደጃፍ ያስገባል እንጂ ውል አያጸናም። በሰሜን ሸዋ ያለው የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ደጋ የሚያስተምረው፣ ሽርክናን የሚያቆመውም የሚያፈርሰውም ሦስት ነገር መሆኑን ነው፦ ሸሪኩ ዋጋ የሚሰጠው ለምን እንደሆነ፣ ውሳኔው በማን እጅ እንዳለ፣ እምቢታ በምን መንገድ እንደሚነገር።

የመጀመሪያውን በጉ ይመሰክራል። የመንዝ በግ ብርድና የመኖ እጥረት የሚችል፣ ላታምና ጠጉራም ዝርያ ነው፤ ከጠጉሩ ባናና ዝተት ይሠራል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ሥጋውንና ጠጉሩን ለማሻሻል ሲባል እንደ ኮሪዴልና ሃምፕሻየር ያሉ የውጭ ዝርያዎች ከአገሬው በግ ጋር ተዳቀሉ። ገበሬው ግን ድቅሎቹን አልወደዳቸውም፤ ላት የላቸውም፣ መልካቸውም ከለመደው በግ ይርቃል። በገበያ ቀን ሚዛኑ የገዢው እጅ ነው፦ ወገቡን ይጨብጣል፣ ላቱን ከሥር ደግፎ ክብደቱን ይገምታል፣ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል፤ ከዚያ ቀለሙን አይቶ ዋጋ ይጠራል። ቀይና ነጭ ይፈለጋል፤ ጥቁር ይረክሳል። ባለሙያው ኪሎ ሲቆጥር ገዢው ላት ይዳስስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 ከእስራኤል የመጣው አዋሲ ከሌሎቹ የተሻለ ተቀባይነት ያገኘው እሱም ላታም ስለሆነ ነው።

የኋላው ሙከራ ከገበሬው መስፈርት ተነሣ። ዓለም አቀፎቹ የምርምር ማዕከላት ኢካርዳና ኢልሪ እንዲሁም የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከኢትዮጵያ የምርምር ተቋማት ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2009 በመንዝ ማኅበረሰቡ ራሱ የሚመራው የበግ ማሻሻያ ጀመሩ። ከችግሮቹ አንዱ ፈጥኖ የሚያድገው ጠቦት ቀድሞ መሸጡና ለዘር ደካማው መቅረቱ ነበር። ይህ ለውጭ ሰው አለማወቅ ይመስላል፤ ለገበሬው ግን በግ የባንክ ደብተሩ ነው፤ ማዳበሪያው፣ የልጆቹ ትምህርት፣ የበዓሉ ወጪ ከእሱ ይወጣል። ስለዚህ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ባለቤቱ ሳይጎዳ ምርጡ አውራ በመንደር እንዲቀር በተዘዋዋሪ ገንዘብ መግዛት አንዱ መፍትሔ ሆነ። የሚመረጠውን አውራ የሚወስኑትም የተመዘገበውን ክብደት ከራሳቸው ዓይን ጋር እያገናዘቡ አርቢዎቹ ናቸው።

የውሳኔ ሥልጣን ጥያቄ በጓሳ፣ በመንዝ የጋራ የሣር ምድር፣ ጎልቶ ይታያል። ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ይህን መሬት መንዞች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በቄሮ ሥርዓት ጠብቀውታል። የአስቦና የጌራ ተወላጆች በመረጧቸው አባ ቄራዎች አመራር ሣሩ ለተከታታይ ዓመታት፣ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5፣ ይዘጋል፤ ሲደርስ ለአጨዳና ለግጦሽ ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም፣ ጥበቃው በኋላ በማኅበረሰብ ኮሚቴ ተመልሶ ዛሬ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣውን እንግዳ ያስተናግዳል። እዚህ ለመሥራት የሚመጣ አስጎብኚ ድርጅት ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ ፈቃድ ቢይዝም፣ ሣር የሚያጭደው ሕዝብ ካልተስማማ የያዘው ግማሽ ውል ነው።

ሦስተኛው ንግግር ነው። መንዝን ያጠናው አሜሪካዊው ሶሲዮሎጂስት ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ የሰምና ወርቅን አነጋገር የአማራ ኑሮ አንድ መታወቂያ አድርጎ አቅርቦታል። በንግድ ይህ የሚታየው በእምቢታ ላይ ነው። «እናያለን»፣ «ቤት ልማከር»፣ «እግዜር ካለ» ብዙ ጊዜ ፊት ሳያጠቁሩ መመለሻ ናቸው፤ «እሺ»ም ሰምቻለሁ ከማለት ላያልፍ ይችላል። ነገሩ የምር ሲሆን ቀን ይቆረጣል፣ ቀብድ ይያዛል፣ ዋስ ይጠራል። ይሁንና በሁሉም ቃል ሥር ወርቅ መፈለግም ስሕተት ነው፤ በግ ተራ ላይ «አይሆንም» የሚለው ሻጭ አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው አነሰ ማለቱ ነው።

የዘመን አቆጣጠርም ከውሉ ጋር ይያያዛል። የዓቢይ ጾም 55 ቀን የበግ ገበያን ያቀዘቅዛል፤ ፋሲካ ያነሣዋል። በወር በ12 ሚካኤልን፣ በ21 ማርያምን፣ በ27 መድኃኔዓለምን የሚያከብር ገበሬ በነዚያ ቀናት ሞፈር አያነሣም፣ ማጭድ አይይዝም። ኢትዮጵያውያን ባለአክሲዮኖች ያቋቋሙትንና የኔዘርላንዱ ባቫሪያ በኋላ ድርሻ የገዛበትን የደብረ ብርሃኑን ሐበሻ ቢራ የመሰለ ፋብሪካ ዓመቱን ሙሉ ይጠምቃል፤ ገብስ ግን የአዝመራ ወቅት አለው። ርክክብ ሲወሰን ቀኑ በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ከጧት ወይም ከማታ ተብሎ ካልተጻፈ፣ የ6 ሰዓት ልዩነት ብቻ መኪናን ባዶ ይመልሳል።

ግዴታው የአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ለውጭ ገበያ የሚያቀርብ የመንዝ ማኅበርም ገዢው ተመሳሳይ ክብደት እንደሚጠብቅ፣ የተጻፈ ቀን ለእሱ የማይላላ ቃል እንደሆነ፣ ለደብዳቤ ዝም ማለትን እንደ ክሕደት እንደሚቆጥር ማወቅ ይገባዋል። ይሉኝታ ያልተናገረው እጥረት በርክክብ ቀን ይገለጣል፤ ያኔ የሚያስከፍለው ቀድሞ ቢነገር ከሚያስከፍለው ይበልጣል።

የባህል ብልህነት የተዛባ ዋጋን አያቃናም፤ ገበሬውን የሚጎዳ ውል በትሕትና ቢቀርብም ጎጂ ነው። ጥቅሙ የሁለቱ ወገን ፍላጎት ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በግልጽ እንዲታይ ማድረጉ ነው። ስለዚህ ወደዚህ ደጋ ለንግድ የሚመጣ ሰው ስለ ራሱ ዕቃ ከመናገሩ በፊት ገዢው በምን እንደሚመዝን፣ ማን እንደሚፈቅድ፣ ስምምነቱ በምን እንደሚታሰር ቢጠይቅ የሚያተርፈው እሱ ራሱ ነው።