ሊኑክስ ባትሪ ይበላል የምትሉ፣ እስቲ አንዴ ስሙኝ!

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ ደወለችልኝ። «ቲቸር፣ የጫኑልኝ ኡቡንቱ ባትሪዬን በላው፤ ላፕቶፕ ቤት ወስጄ በዊንዶውስ አስቀየርኩት» አለችኝ። ባለሙያው ነው አሉ እንደዚያ ያላት። ለዶርም ወጪ ከተላከላት ብር ላይ ቀንሳ ለክራክ ዊንዶውስ ከፍላለች። እሺ፣ አሁንስ ስንት ሰዓት ይቆያል? «ያው ነው ቲቸር»።

አምጪው አልኳት። ኡቡንቱን ከፍላሽ አስነስቼ ተርሚናል ላይ «ዩፓወር ሰረዝ ዲ» ብዬ አየሁት። ባትሪው ሲሠራ 50 ዋት ሰዓት ይይዝ ነበር፤ አሁን ጢም ብሎ ሲሞላ 21 ብቻ። ዕቃው ሰከንድ ሃንድ ነው እኮ! እሷ እጅ ሳይገባ ያረጀን ባትሪ ኡቡንቱም አይመልሰው፣ ዊንዶውስም አይመልሰው። ይህን ቁጥር ሳያይ የፈረደ ሰው ባለሙያ ይባላል?

አልዋሽም፤ አንዳንድ ላፕቶፕ ላይ ሊኑክስ እንደተጫነ ቢተው ባትሪ ይጠጣል። በተለይ ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሲሆንና ካርዱ ሳይጠፋ ሲቀር። ግን መፍትሔው ነፃ ነው። ሴቲንግ ገብታችሁ ፓወር ሞዱን ወደ ቆጣቢው ቀይሩ፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ። ከዚያ በላይ የፈለገ ቲኤልፒን ይጫን። አደራ፣ ቲኤልፒን ከኡቡንቱው ፓወር ፕሮፋይል ጋር አብራችሁ አታሠሩ፤ ሁለት ሹፌር አንድ መሪ ይዞ አይነዳም።

ደግሞ ራሳችንን እንውቀስ። መብራት ይጠፋል ብለን ላፕቶፑን ቀን ከሌት ሰክተን እንተዋለን። ሊቲየም ባትሪን ሁልጊዜ 100 ላይ ማስቀመጥና ሙቀት ቶሎ ያስረጁታል። ቲንክፓድ ያላችሁ በቲኤልፒ 75 ላይ ጀምሮ 80 ላይ ቻርጅ እንዲያቆም ማዘዝ ትችላላችሁ። ነገ መብራት የለም ከተባለ ደግሞ «ሱዶ ቲኤልፒ ፉልቻርጅ» በሉት፤ ለዚያን ጊዜ ጢም ያደርገዋል። ታዲያ ይሄ ከማማረር ይከብዳል?

እኔን የሚያናድደኝ የባትሪው ነገር ብቻ አይደለም። ነፃ ነገር ሲሆን ሳይመረመር ይወቀሳል፤ ክራኩ ግን ብር ተከፍሎበትም ማንም አይጠይቀውም። ክፍል ውስጥ «ሳትለኩ መልስ አትስጡኝ» ስላችሁ ለፈተና ብቻ መሰላችሁ እንዴ ልጆቼ?

በሉ፣ «ሊኑክስ በላው» ከማለታችሁ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች አውጡና ኮመንት ላይ ጻፉልኝ። ከዚያ እንከራከራለን።