ዐሥርና ዜሮ፤ ስለ ሎጋሪዝም ጥቂት ቃል

ልጃችን አንድ ማታ ደብተሩን ይዞ ቀረበና፤ «አባባ፤ ዐሥር በላዩ ትንሽ ዜሮ ሲጻፍበት ስለ ምን አንድ ይሆናል?» ሲል ጠየቀን። ባናውቀው ጊዜ በቍጣ መለስነው። ከዚያ ወዲያ ብዙ ወራት ስለ ሒሳብ አንዳች ሳይጠይቀን ቀረ። ስለዚህ ዘግይተን የተማርነውን ለክቡራን አንባቢዎቻችን እናቀርባለን።

በላዩ የሚጻፈው ትንሽ ቍጥር ዐሥር ስንት ጊዜ ተጽፎ እንደሚባዛ ይናገራል። ሦስት ቢሆን 1000፤ ሁለት ቢሆን 100፤ አንድ ቢሆን 10 ነው። ትንሹ ቍጥር አንድ በቀነሰ ጊዜ ሁሉ ውጤቱ ለዐሥር ይካፈላል፤ እንግዲህ ወደ ዜሮ ሲወርድ 10 ለዐሥር ተካፍሎ 1 ይቀራል።

ሎጋሪዝም ስሙ ያስፈራል እንጂ ይኸው ጥያቄ ሲገለበጥ ነው፤ «1000 ከዐሥር የሚገኘው በስንት ነው?» ቢሉ፤ በሦስት። 100ን በ1000 ለማባዛት ሁለትንና ሦስትን መደመር ይበቃል፤ አምስት፤ ማለት 100000። የስኮትላንዱ ባለርስት ጆን ኔፒየር ስለ ሎጋሪዝም የጻፈውን መጽሐፍ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1614 አወጣ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ብሪግስ በ1615 እስከ ኤዲንብራ ድረስ ሄዶ አነጋገረው፤ በ1624ም በዐሥር የተመሠረተ ሰፊ ሰንጠረዥ አሳተመ። አሳጥረን ብንጽፈው፤ የ2 ሎጋሪዝም 0.30103፤ የ3 ደግሞ 0.47712 ነው፤ ቢደመሩ 0.77815፤ እርሱም የ6 ነው። ዛሬ ይህን ድካም መኪና ይሠራዋል፤ ምክንያቱን ግን ለልጅ አይነግረውም።

ይህን ሁሉ ለልጃችን ይቅርታ ጠይቀን አስረዳነው። ጥቂት ዝም አለና ጣቱን በ1 ላይ አኑሮ፤ «እንግዲያስ የዚህ ሎጋሪዝም ዜሮ ነው» አለን።