«ፎርማት ይደረግ» ከማለታችን በፊት

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። የፈሰሰው እህል ከሆነ፣ ጊዜ ቢወስድም፣ ከአፈር ጋር ቢቀላቀልም ይለቀማል። የፈሰሰው በኤስኤስዲ ውስጥ የተቀመጠ መረጃ ከሆነ ግን የሚለቀም ነገር ላይገኝ ይችላል። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቢሮዬ ያጋጠመኝ አንድ ጉዳይ ነው።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት በተጀመረ ሰሞን አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ላፕቶፑን ይዞ መጣ። ላፕቶፑ ሲበራ ዊንዶውስ መነሳት ይጀምራል፤ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ግን ሰማያዊ ገጽ ይመጣና ማስነሻው ዲስክ ሊደረስበት እንዳልቻለ የሚገልጽ የእንግሊዝኛ መልእክት ይነበብበታል፤ ከዚያም ራሱን አጥፍቶ እንደገና ይነሳል። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስዶት «ኤስኤስዲው ውስጡ ተበላሽቷል፤ ፎርማት ተደርጎ አዲስ ዊንዶውስ ይጫንበት» ተብሏል። በዲስኩ ላይ ግን የሁለት ዓመት የላቦራቶሪ ልኬት አለ፤ ሌላ ቅጂ የለውም። «ዶክተር፣ ፎርማት ከመደረጉ በፊት አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለኝ።

ማሽኑን ከመንካቴ በፊት የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ነው፤ ደኅና ይሠራ ከነበረበት ቀን ወዲህ ምን ተለወጠ? ተማሪው ክረምቱን ቤተሰቦቹ ዘንድ አሳልፏል። ላፕቶፑ ሁለት ወር በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ የሚሠራው ገመዱ ሲሰካ ብቻ ነው። ኤስኤስዲው በቀድሞው ሀርድ ዲስክ ምትክ የገባው ከሦስት ዓመት በፊት ነው።

እንደሚታወቀው ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ሳሕን የለውም። መረጃው የሚቀመጠው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ የሲሊከን ሕዋሳት ውስጥ በታሰሩ ኤሌክትሮኖች አማካይነት ነው። ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ በቤል ላቦራቶሪ ሳሉ እ.ኤ.አ. በ1967 ያቀረቡት ሐሳብ፣ ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ሽፋን በተከበበች ደሴት ላይ ኤሌክትሮኖችን ማሰር የሚል ነበር። የቶሺባው ፉጂዮ ማሱኦካ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍላሽ የተባለውን ማከማቻ ፈለሰፈ። ኤሌክትሮኖቹ ወደ ደሴቲቱ የሚገቡት ሽፋኑን ሰብረው አይደለም፤ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲጫን በኳንተም ሜካኒክስ ሕግ ግድግዳውን ሰርስረው ያልፋሉ። በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የሚኖር የሚመስላችሁ የሞገድ እኩልታ በስልካችሁ ፎቶግራፍ ባስቀመጣችሁ ቁጥር ይሠራል።

ታዲያ በሁለቱ ወራት ኤሌክትሮኖቹ ሾልከው ጠፍተው ይሆን? ይህ የመጀመሪያው መላምታችን ነበር። ጄዴክ የተባለው የኤሌክትሮኒክስ ኢንዱስትሪ የደረጃ ተቋም ባወጣው መስፈርት መሠረት ለግል ኮምፒዩተር የተሠራ ኤስኤስዲ፣ የተፈቀደለትን የመጻፍ መጠን ከጨረሰ በኋላ እንኳ፣ በ30 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለ ኤሌክትሪክ ለአንድ ዓመት መረጃውን መያዝ ይጠበቅበታል። ስለዚህ የሁለት ወር ዕረፍት ይህን ያህል ጉዳት ያደርሳል ለማለት ያስቸግራል።

ሁለተኛው መላምት የመብራት ጉዳይ ነው። ኤስኤስዲ የትኛው መረጃ በየትኛው ሕዋስ እንዳለ የሚመዘግብ የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። ኃይል በድንገት ሲቋረጥ ይህ መዝገብ ሊዛባና ዲስኩ ጨርሶ ላይታይ ይችላል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ መብራት በጠፋ ቁጥር ለዚህ አደጋ የተጋለጠ ነው። ይሁን እንጂ ባዮስ ውስጥ ገብተን ስናይ የዲስኩ ስምና ትክክለኛ መጠኑ ተጽፎ አገኘን። ተቆጣጣሪው በሕይወት አለ ማለት ነው።

በዚያው ገጽ ላይ ልብ ሳንለው ልናልፍ የነበረ ሌላ ነገር ነበር። ቀኑ ከብዙ ዓመታት በፊት የነበረ ቀን ነው። በላፕቶፑ ውስጥ ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች፤ ዋናው ኃይል ሲቋረጥ ሰዓቱ እንዳይቆም፣ በብዙ ማሽኖችም ላይ የባዮስ ቅንብሮች እንዳይጠፉ የምታደርገው እርሷ ናት። እርሷ ከደከመች ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቅንብሮቹም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ይመለሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ኮምፒዩተሩ ዲስኩን በምን ሥርዓት እንደሚያነጋግር የሚወስነው ነው፤ ያገኘነውም «ሬይድ» በሚለው ላይ ነበር። ዊንዶውሱ ሲጫን «ኤኤችሲአይ» በሚለው ላይ ከነበረ፣ አሁን ዲስኩን ማነጋገር ይሳነዋል።

መልሱ የተገኘ ቢመስልም ቅንብሩን ወዲያው አልነካንም። አስቀድመን ኤስኤስዲውን አውጥተን፣ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒዩተር ጋር አያይዘን መረጃውን ገለበጥን። ሁሉም ነበረ። ከዚያ ዲስኩን መልሰን ያንን አንድ ቅንብር ብቻ ለወጥን። ላፕቶፑ ተነሳ። ወደ ሬይድ ስንመልሰው ሰማያዊው ገጽ ተመለሰ፤ እንደገና ስናስተካክለው ጠፋ። ምክንያቱን አገኘን ያልነው ያን ጊዜ ነው። የቀረው ያችን ትንሽ ባትሪ መቀየር ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ዲስኩ በጥገና ቤቱ ፎርማት ተደርጎ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አዲሱ ዊንዶውስ በሬይድ ቅንብር ላይ ይጫንና ላፕቶፑ ያለ ችግር ይነሳ ነበር። ጠጋኙ «ብዬህ አልነበረም?» ይላል፤ ተማሪውም ልኬቱን አጥቶ፣ ከፍሎና አመስግኖ ይሄዳል። የተሳሳተው ምርመራ በተሳካ ውጤት ይረጋገጣል ማለት ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይህ ነው። አንድ መፍትሔ መሥራቱ የቀረበው ምክንያት እውነት መሆኑን አያረጋግጥም። ጠጋኙን ለመውቀስ አይደለም፤ ደንበኛ እየጠበቀው፣ በዕለት ገቢ የሚኖር ሰው ፈጣኑን መንገድ ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሆኖም ፈጣኑ መንገድ ማስረጃውንም አብሮ ይደመስሳል።

ከዚህም በላይ ይህ ልማድ ከሀርድ ዲስክ ዘመን የወረስነው ነው። ያኔ በችኮላ ፎርማት የተደረገ ዲስክ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ አሮጌውን መረጃ ይዞ ይቆይ ስለነበር ባለሙያ ሊያወጣው ይችል ነበር። በዛሬው ኤስኤስዲ ላይ ግን ዊንዶውስ ፎርማት ሲያደርግ «እነዚህ ሥፍራዎች አያስፈልጉም» የሚል ትእዛዝ ለተቆጣጣሪው ያስተላልፋል፤ ተቆጣጣሪውም በራሱ ጊዜ ሕዋሳቱን ባዶ ያደርጋል። ትእዛዙ ትሪም ይባላል።

እንግዲህ ላፕቶፓችሁ አልነሳ ቢላችሁ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ዲስኩ በባዮስ ካልታየ ኃይሉን አጥፍታችሁ ግንኙነቱን አጥብቁ፤ በሌላ ማሽንም ሞክሩት። አዲስ ከሆነ ዓይነቱን አረጋግጡ፤ አንዳንድ ዲስኮች ከቀዳዳው ጋር ቢገጥሙም ላፕቶፑ የማያውቀውን ቋንቋ ይናገራሉና። ከመጠኑ እጅግ አንሶ ከታየ ተቆጣጣሪው ታሟል፤ መረጃው አስፈላጊ ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡና ባለሙያ ፈልጉ። በትክክል ከታየ አስቀድማችሁ መረጃውን ገልብጡ፤ ከዚያ ሰዓቱን፣ ቅንብሩንና የማስነሻ ፋይሎቹን በየተራ መርምሩ። ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ የመክፈቻ ቁልፉ በእጃችሁ ሳይኖር ቅንብር አትለውጡ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ ያደረጋችሁትንም ጻፉ።

ለመምህራን ባልደረቦቼም አንድ ሐሳብ አለኝ። በላቦራቶሪዎቻችን ተማሪው የሚለካው መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ነው፤ የስበትን ፍጥንጥነት 9.8 እስኪያገኝ ድረስ ይደጋግማል። በየሴሚስተሩ ቢያንስ አንድ ቀን ሆን ተብሎ የተበላሸ መሣሪያ እንስጠው። ነጥቡም ለጥገናው ሳይሆን ለማስታወሻ ደብተሩ ይሁን፤ ምን ጠረጠረ፣ ምን ሞከረ፣ የትኛውን ግምት ጣለ፣ ስለምን?

ያ ተማሪ ዛሬ ልኬቱን በሦስት ቦታ ያስቀምጣል። እኔን ይበልጥ ደስ ያሰኘኝ ግን ሌላ ነገር ነው። በቅርቡ የጓደኛው ላፕቶፕ አልነሳ ሲል መጀመሪያ ያየው ሰዓቱን ነበር።