ልብ ሰቀላ በመደበቅ ብቻ አይገኝም

ስለ አጭር ልብ ወለድ ስንማር መቼት፣ ግጭት፣ ንግር፣ ተምሳሌትና ልብ ሰቀላ የሚባሉትን ቃላት እናጠናለን። የብዙ ተማሪዎች ጥናት ግን ከትርጓሜያቸው አያልፍም። ንግር ወደፊት ለሚፈጸም ድርጊት አስቀድሞ ፍንጭ መስጠት መሆኑን በትክክል የመለሰ ተማሪ፣ ፍንጩ በታሪኩ ውስጥ ምን ሥራ እንደ ሠራ ሲጠየቅ ዝም ይላል። ከዚህም የተነሣ፣ ልብ ሰቀላ ማለት አንድን ነገር እስከ መጨረሻው ከአንባቢ መደበቅ ነው የሚል አስተሳሰብ ሥር ሰዷል። በእኔ አስተያየት ይህ ስሕተት ነው። አንባቢን ይበልጥ የሚያስጨንቀው አስቀድሞ የተነገረው ነገር ነው።

ከጎረቤታችን ከጅቡቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በ1965 እ.ኤ.አ. በጅቡቲ ከተማ የተወለዱት ደራሲ አብዱራህማን ዋበሪ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይኛ ያሳተሙት የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ርዕሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ጥላ የሌለው አገር» ማለት ነው። ጥላ ከፀሐይ መጠለያ ነው፤ ሰው በቆመበት ሁሉ የሚከተለው ምስልም ጥላ ይባላል። ታዲያ የሌለው የትኛው ነው? ርዕሱ ምንም ሳይደብቅ ጥያቄ ያስነሣል፤ በጥያቄውም ውስጥ ትርጉም ይዟል።

አሁን ደግሞ በዚያችው ከተማ፣ ብዙ ሕዝብ ተጠጋግቶ በሚኖርበት በካርቲየ 5፣ ለምሳሌ ያህል አንዲት ታሪክ እኛው እንፍጠር። እንደሚታወቀው ጅቡቲ በሞቃቱ ወራት ሙቀቷ ከአርባ ዲግሪ በላይ ይደርሳል፤ ጫትም ከኢትዮጵያ በየዕለቱ ይገባል፤ እኩለ ቀን ሲሆን ሰው ሁሉ ጆሮውን ወደ መንገድ ይጥላል።

አንዲት እናት ለልጇ መጻሕፍት መግዣ የቆጠበችውን ሁለት ሺህ ፍራንክ በዱቄት ጣሳ ውስጥ ቀበረች፤ የዱቄቱንም ገጽ በመዳፏ አስተካከለች። የጫት መኪና ጥሩምባ ከሩቅ ሲሰማ ባሏ ገባ። ሣጥኑን ከፈተ፤ ፍራሹን አነሣ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ጠርታት ወደ ደጅ ወጣች። ስትመለስ ባሏ የለም። ጣሳውን ከፈተች። ገንዘቡ አለ፤ በዱቄቱ ገጽ ላይ ግን የአምስት ጣቶች ምልክት ይታያል።

ገንዘቡ የት እንዳለ ደራሲው ቢደብቀን ኖሮ፣ በመጨረሻ ለአንዲት ቅጽበት ብቻ እንደነቅ ነበር። አስቀድመን በማወቃችን ግን የጥሩምባው ድምፅ፣ የሣጥኑ መከፈትና የጎረቤቲቱ ጥሪ እያንዳንዳቸው አስጨነቁን። መቼቱም ያለ ሥራ አልተቀመጠም። ቤቶቹ የተጠጋጉ፣ በሮቹም ስለ ሙቀቱ ክፍት ናቸውና እናቲቱ ገመናዋ ለጎረቤት እንዳይሰማ ስትል መጮህ አትችልም።

ከሁሉ በላይ ዱቄቱን እንመልከት። ገንዘቡ በሣጥን ውስጥ ቢደበቅ ልብ ሰቀላው ብዙ አይጎድልም፤ ትርጉሙ ግን ይጠፋል። የልጁ መጻሕፍት ከቤቱ እንጀራ ጋር አብረው ስለ ተቀመጡ፣ ሱስ ምን ሊነጥቅ እንደሚችል ደራሲው ሳይሰብክ አሳይቷል። በመጀመሪያ የተስተካከለው ገጽም ንግር ነበር፤ ምልክቱ ባሏ ገንዘቡን አግኝቶ እንደ ተወው የሚነግረን በዚያ ምክንያት ነው። ለምን ተወው? ነገስ ይተወዋል? ታሪኩ አልቆ ሐሳባችን አያልቅም።

እርግጥ ነው፣ ታሪክን እንዲህ መበታተን የንባብን ደስታ ያጠፋል የሚሉ አሉ። ነገር ግን ሸማኔን ሲሠራ ያየ ሰው ጋቢውን አይንቅም፤ ይልቁንም ዋጋውን ያውቃል።

ስለዚህ ተማሪዎች ሆይ፣ በምታነቡት ታሪክ ውስጥ አንድ ዘዴ ስታገኙ ስሙን ጽፋችሁ አትለፉ። «ይህ ባይኖር ታሪኩ ምን ይጎድለው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ምንም የማይጎድለው ከሆነ ዘዴው ጌጥ ብቻ ነው። ራሳችሁ ስትጽፉም አንባቢያችሁን ለማስደንገጥ አትቸኩሉ፤ የሚያስፈራውን ነገር አስቀድማችሁ በእጁ አስይዙት።